እህቴ ዘር ስትቆጥር

እህቴ የሺ ያረፈች ዕለት እኔ ማክሰኝት ነበርኩ። የምሠራበት የእህል መጋዘን ሽምብራ እንዳስጭን ልኮኝ ነው። ስልኬ ጠራ። ጥሩሰው ናት፤ የአጎታችን ልጅ፣ የሺን ሦስት ወር ሙሉ ያስታመመቻት።

በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። «ትንሽ ብሶባታል፣ ቶሎ ድረስ» ይባላል። ሰውየው መንገዱን ሁሉ እየተሳለ ይመጣል፤ ሰፈሩ ሲደርስ ድንኳኑን አይቶ ያውቃል። እኔም የጠበቅሁት ይህንኑ ነበር። ጥሩሰው ግን ረጅም ተነፈሰችና፣

«ታደለ፣ ቁጭ ብለሃል?» አለችኝ።

«ቆሜያለሁ።»

«ተቀመጥ። የሺ አርፋለች። ብሶባታል ብዬ ላመጣህ ነበር፤ እሷ ግን እንዳትዋሺው ብላ አስምላኛለች።»

ጆንያው ላይ ተቀመጥሁ። ዙሪያዬን ሰው ይገበያያል፣ በግ ይጮሃል። አልቅሼ እንደሆነ ዛሬ አላስታውስም። መኪና ውስጥ ሆኜ ግን አንድ ነገር አሰብሁ። እንዲህ ያለ መርዶ በቤታችን ሲነገር የመጀመሪያው ነው። የሺ ከሞተች በኋላም ነገሩን በእሷ መንገድ አስኬደችው።

ልቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «የሺ እኮ ከጥንትም ውሸት አታውቅም» ሲል ሰነበተ። ታውቅ ነበር። እንደማንኛችንም ታውቅ ነበር። ኋላ ነው የተወችው። እንዴት እንደተወችው ያየሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

እህቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ጎንደር አራዳ፣ ከሐጂ ኑሩ የጨርቅ ሱቅ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል፣ በአንዲት የስፌት ማኪና ዩኒፎርምና የሴት ቀሚስ ትሰፋለች። ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ ነው የምታወራው፤ ደንበኞቿ ለምደውት በግማሽ ከንፈር የምትለውን ሁሉ ይሰማሉ። ሰው ሲገባ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ በዓይኗ ትጨርሰዋለች። «ግራ ትከሻሽ ወርዷል። ልጁን በዚያ በኩል ነው የምታዝይው?» ትላለች። ሴትየዋ ደንግጣ ትከሻዋን ትይዛለች።

ሐጂ ኑሩ በራፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ይቀልዱባታል።

«የሺ፣ አንቺ እኮ ሰውን ልብሱን ሳያወልቅ ታይዋለሽ። በአንቺ ደጅ ማለፍ ነውር ሆነ።»

«ሐጂ፣ እርስዎንማ አይቼ ጨርሻለሁ። ቦርጭዎ ከረመዳን ወዲህ ሁለት ጣት ጨምሯል።»

«አስተግፊሩላህ! ጾመኛ ሰው!»

«ቀን ይጾማሉ። ማታውን የሚያውቀው ቀበቶዎ ነው።»

እናታችን ዓለምነሽ ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ የሺ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ። አባታችን ቀድሞ ሞቷል። ከዚያ በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እትዬ እላታለሁ። እናታችን አንድ ዓመት ያህል በጓዳ ተኝታ እንደነበር አስታውሳለሁ። ወደዚያ አልገባም፤ የሺ ብቻ ናት የምትገባው። ምን ሆና ነው ስል «ምች መቷት» ይሉኛል። አድጌ፣ ትምህርት ጨርሼ እንኳን እናቴን የገደላት ምች ነው እል ነበር። የሺ ግን ታውቃለች። የጡቷን ቁስል ዓመት ሙሉ ያጠበችው እሷ ናት። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ የሺ ራሷ ታመመች። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሆስፒታል አብሬያት ሄድሁ። አንዲት ወጣት ዶክተር ከመረመረቻት በኋላ ወረቀት አወጣች።

«ከቤተሰባችሁ በዚህ ሕመም የታመመ አለ? እናት፣ አክስት፣ የአክስት ልጅ?»

«የለም» አለች የሺ።

«እናትሽ በምን አረፉ?»

«በምች።»

ዶክተሯ ጻፈች። እኛም ወጣን።

ፒያሳ ስንደርስ የሺ መሀል መንገድ ላይ ቆመች። ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋባት፤ አልሰማችውም።

«ሴትየዋ የለም ብላ ጻፈች እኮ» አለችኝ።

«አንቺ ነሻ የለም ያልሻት።»

«እሱን ነው የምልህ። አንዲት ደንበኛ አለችኝ። ስለካት ትንፋሿን ውጣ ሆዷን ትስባለች። ቀሚሱ ሲጠባት እኔን ትቆጣኛለች። እኔም ዛሬ ሆዴን ሳብሁ።»

እናታችን በምን እንደሞተች የነገረችኝ ያኔ፣ እዚያው መንገድ ላይ ነው። በማግስቱ ጠዋት ተመልሰን ሄድን። ገና በሩን እንዳለፈች፣

«ዶክተር፣ ትናንት የጻፉት ውሸት ነው። የዋሸሁዎት እኔ ነኝ» አለች። «እናቴ በጡቷ ነው የሞተች። አክስቴም በዚሁ ይመስለኛል፤ አላውቅም፤ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቀስ ብላ አስረዳችን። ካንሰር የያዘው ሰው ሁሉ ከቤተሰቡ ወርሶት አይደለም፤ አብዛኛው እንዲያ አይደለም። በአንዳንድ ቤት ግን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄድ የተበላሸ ዘረ መል ይኖራል። ከእናትም ከአባትም ይመጣል። በደም ይመረመራል። ምርመራው እዚህ አይሠራም፤ ነገር ግን የእንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ደም ወስደው ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ተመራማሪዎች አሉ። እነሱ መጀመሪያ የሚፈልጉት የቤተሰቡን ቆጠራ ነው፤ ማን ታመመ፣ በስንት ዓመቱ፣ ማን በሕይወት አለ። ቢያንስ ሦስት ትውልድ።

«ሦስት ብቻ?» አለች የሺ።

«ያንሳል?»

«እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን።»

ዶክተሯ ሳቀች። «እንግዲያው ሰባቱንም አምጪልኝ» አለቻት።

የሺ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ኬሞውንም ወሰደች። ጸጉሯ አለቀ። ኬሞውን በጨረሰች በሁለተኛው ወር ሻሿን አስራ፣ ከሐጂ ኑሩ ጣቃ የተጠቀለለበትን ቡናማ ወረቀት ለምና፣ እኔን አስከትላ ወደ እናታችን አገር ወደ ጃናሞራ ተነሳች። እስከ ደባርቅ በአውቶቡስ፣ ከዚያ መካነ ብርሃን ድረስ በአይሱዙ፣ የቀረውን በእግር። ዳገቱ ላይ ደክሟት በየጥቂቱ ትቀመጣለች። «እንመለስ» ስላት፣ «ይህን ያህል ወጥተን? ቁልቁለቱ ለማን ይቅር?» ትለኛለች።

የእናታችን ወንድም አያ ገላው በአካባቢው ዘር ቆጣሪ ናቸው። ልጅ ከመታጨቱ በፊት ሰው ሁሉ እሳቸው ጋ ይመጣል። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በትራቸውን መሬት እየነኩ፣ የሁለቱን ወገን እስከ ሰባት ቤት ወጥተው ይወርዳሉ። «አትገናኙም፣ ተጋቡ» ካሉ ይጋባሉ፤ «ትገናኛላችሁ» ካሉ ነገሩ አበቃ።

ጠላ ቀረበልን። ጎረቤቱም ሊጠይቀን ተሰበሰበ። የሺ ጊዜ አላጠፋችም።

«አያ፣ የእናቴን ዘር ሊቆጥሩልኝ ነው የመጣሁ።»

ሁሉም ጠላውን አስቀመጠ።

«ልታገቢ ነው?» አሉ አያ ገላው።

«አይደለም።»

«ወንድምሽን ልትድሪ ነው?»

«እሱማ ገና ካልሲውን ራሱ አያገኝም።»

አንዳንዱ ሳቀ። አያ ገላው አልሳቁም። «ታዲያ ያለ ጋብቻ ዘር ለምን ይቆጠራል? ምነው ልጄ፣ ከተማው ጠበባችሁ?»

እኔ አልገባኝም። የሺ ግን ወዲያው ገባት። በገጠር ለጋብቻ ካልሆነ ዘሩን የሚያስቆጥር ሰው መሬት የሚጠይቅ ነው። ድርሻ ፍለጋ የመጣን መስሏቸዋል።

«አያ፣ መሬቱን እረሱት፣ ብሉት። እኔ የመጣሁት ለሙታኑ ነው። ሙታኑን ስጡኝ።»

አላመኗትም። በማግስቱ ሦስት ሽማግሌ ራሷ ለምና አስጠራችና ከእናታችን መሬት ምንም እንደማትጠይቅ በፊታቸው ማለች። ወደ እኔ ዞረች። እውነቱን ለመናገር፣ በአይሱዙው ላይ ሆኜ ያን ሁሉ የገብስ ማሳ ሳይ፣ ከዚህ ውስጥ የእናታችን የትኛው ይሆን ብዬ ነበር። ፊቴን ዓይታ ያወቀችብኝ ይመስለኛል። እኔም ማልሁ።

አያ ገላው ቆጠሩ። የሺ ወረቀቷን መደቡ ላይ ዘርግታ፣ ዶክተሯ እንዳሳየቻት ለወንድ አራት ማዕዘን፣ ለሴት ክብ እየሠራች በልብስ ጠመኔዋ ተከተለቻቸው። አሳምረው ይቆጥራሉ፤ ዜማ አለው። አንድ ቦታ ላይ ግን አስቆመቻቸው።

«አያ፣ አንድ ሰው ዘለሉ። እናቴ እህቴ ውድነሽ የምትላት ነበረች።»

«ውድነሽ አልወለደችም። ያልወለደ አይቆጠርም ልጄ። በእሷ በኩል የሚጋባ የለ፣ ምን ያደርጋል?»

የሺ ወረቀቱን ዓየች፣ እኔንም ዓየችኝ። ትፈልግ የነበረው እነዚያኑ ነበር፤ ሳይወልዱ፣ በወጣትነት የሞቱትን ሴቶች። አያ ገላው ዘንድ የሉም።

ስለዚህ ወደ ሴቶቹ ሄደች። እማማ ዘነቡ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን የማያውቁ ጎረቤት ነበሩ። ደጃቸው ላይ ሴቶች ተሰብስበው ጥጥ ይፈትላሉ። የሺ አብራቸው ተቀመጠችና ስለ እያንዳንዷ ሟች ትጠይቃለች፤ እነሱም ይመልሳሉ። «ምች ነው።» «መጋኛ ነው።» «ዓይን ነው የበላት፤ ሸጋ ነበረቻ።» ግማሽ ቀን እንዲሁ አለቀ። እኔ አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ፣ እንመለስ የምልበትን ሰዓት እጠብቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጥያቄዋን ለወጠች። ስለ በሽታ መጠየቁን ተወች።

«እማማ፣ ውድነሽ በመጨረሻ ጊዜዋ ቀሚሷን ፈትታ ነበር?»

«ምኑን?»

«በብብቷ በኩል። ጠቧት፣ ጨርቅ ጨምራበት እንደሆነ።»

እማማ ዘነቡ እንዝርታቸውን አቆሙ። «በግራዋ። ጥቁር ጨርቅ ቀጥላበታለች፣ በነጭ ቀሚስ ላይ። ምን ዓይነት ስፌት ነው ብለን… አንቺ በምን አወቅሽ? አልተወለድሽም እኮ!»

«ሌላስ? እንዲህ ያደረገች ሌላ ሴት ነበረች?»

ያን ጊዜ ሁሉም ተናገሩ። የበሽታ ስም ለመጥራት ያፈሩ ሴቶች ስለ ልብስ ሲሆን አላፈሩም። አንዷ ነጠላዋን ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ብቻ ታጣፋ የነበረች ሟች አስታወሰች። እማማ ዘነቡ ደግሞ የአያታችንን እህት አነሱ።

«በጠራራ ፀሐይ ነጠላዋን ከደረቷ አታወርድም። አጨዳ ላይ እንኳ። እኛ ደግሞ ወይዘሮዋ መጣች እያልን እንስቅባታለን። ኩራት መስሎን እኮ ነው!» አሉና በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። አለቀሱ። «እህህ። ብቻዋን ነበረች ለካ።»

የሺ እጃቸውን ይዛ ብዙ ቆየች። በሦስት ቀን ውስጥ፣ ዶክተሯ ለታመመ እንዳለቻት፣ የአምስት ሟች ሴቶችን ክብ በከሰል አጠቆረች። እኔ ሰውን የመስማት ችሎታ የሚባል ነገር ያየሁት እዚያ ነው። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፣ ለእኔ ስትል።

ከዚያ ግን አጠፋች። ሥራው ጣፍጧት ሳታስብ ያደረገችው ነው። አያ ገላው ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸው፣ ያነባሉ። ወረቀቱን ጎንበስ ብለው ሲያዩ፣ ከጠቆሩት ክቦች በታች የልጃቸው የጥሩሰው ስም ተጽፏል፤ የእሳቸውም። በእኛ ዘንድ በሕይወት ያለን ሰው ከሞተ ሰው ጋር በአንድ ወረቀት መጻፍ ሟርት ነው። ይህን የማያውቅ የለም። የሺም ታውቃለች፤ ረስታው ነው።

«ልጄን ከሙታን ጋር ጻፍሻት!» ብለው በትራቸውን አነሱ። ሰው መሀል ገባ። «ሟርተኛ! መሬት አልፈልግም ያልሽው ለካ ነፍስ ፈልገሽ ነው! ውጭልኝ ከቤቴ!»

እኔ ቦርሳችንን አንጠለጠልሁ። የሺ ግን ከቦርሳው ውስጥ ትልቁን መቀሷን አወጣች። ሁሉም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እሷ ወረቀቱን መሬት ላይ ዘረጋችና ተንበርክካ፣ አንገትጌ እንደምታወጣ ሁሉ፣ በሙታኑና በሕያዋኑ መሀል እየጠመዘዘች ቆረጠችው። የሕያዋኑን ክፍል በሁለት እጇ ለአያ ገላው ዘረጋች።

«አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሕያዋኑ በእርስዎ እጅ ይሁኑ። እኔ ሙታኑን ይዤ እሄዳለሁ። ግን አያ፣ ሁለቱ አንድ ልብስ ናቸው። እኔ አልሰፋኋቸውም፤ ተሰፍተው ነው ያገኘኋቸው።»

አያ ገላው ወረቀቱን ተቀበሉ። ቆመው አነበቡት። ከዚያ ተቀመጡና እንደገና አነበቡት። ውጡ ያሉንን አልደገሙትም።

ጥሩሰው ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ባልና ሁለት ልጆች አሏት፣ ከአባቷ ቤት አጠገብ ትኖራለች። በነጋታው ልንሄድ ስንል የሺ ጮክ ብላ፣ «ጥሩዬ፣ ነይ እስቲ ልለካሽ። ቀሚስ ሰፍቼ ልላክልሽ» አለቻት። ጓዳ ገቡ። ቆዩ። እኔና ባሏ ውጭ ቁጭ ብለናል፤ ስለ በሬዎቹ ያወራኛል። ሲወጡ የሁለቱም ዓይን ቀልቷል። የሺ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ገና በመጣን ዕለት የጥሩሰው ቀሚስ በቀኝ በኩል ተፈትቶ እንደተሰፋ ዓይታለች። አራት ቀን ዝም ያለችው ብቻዋን የምታገኝበትን መላ ስትፈልግ ነው።

«ልኳ ያስቸግራል» አለችው ባልየውን። «እዚያው ጎንደር መጥታ ነው የምትለካው።»

«ለቀሚስ ጎንደር ድረስ?»

«ለዚች ቀሚስ፣ አዎ።»

ባልየው አንዷን ዓየ፣ ሌላዋን ዓየ። ሄዶ መጫሚያዋን አመጣላት። ጥሩሰው ከእኛ ጋር በአይሱዙው ተሳፈረች፤ ባሌ ካወቀ ይመልሰኛል እያለች መንገዱን ሁሉ ስታለቅስ ደረሰች። በማግስቱ እሱ ራሱ ልጆቹን ለእናቱ ትቶ ተከትሏት መጣ። «ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ከጀመረች ስድስት ወር ሆኗታል» አለኝ ሆስፒታሉ በር ላይ። «ቀሚስ እንዳልሆነማ አውቃለሁ።»

የጥሩሰው ቶሎ ተደረሰበት። ታክማ ድና ይኸው ዛሬ አለች። የሺ ቀሚሱንም ሰፋችላት፤ «ተለክቶማ አይቀርም» ብላ።

የየሺ የደም ውጤት ከብዙ ወር በኋላ መጣ። የተበላሸው ዘረ መል አለባት። ከእናታችን የመጣ ነው። እኔ ወንበሩን ለቅቄ ተነሳሁ። የሺ ግን፣ «ስም አለው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ዶክተሯ ስሙን ነገረቻት። የፊደልና የቁጥር ስም ነው፤ ደግማ ደጋግማ አለችው። ከዚያ ወጥተን በቀጥታ የሄድነው ወደ ድሮ ሰፈራችን ነው። እናታችንን በዓይናቸው በልተዋታል የሚባሉ አንዲት ጎረቤት ነበሩ፤ የሺ ዓመታት ሰላምታ ነፍጋቸዋለች። በራቸውን አንኳኳችና እግራቸው ላይ ወደቀች። «እትዬ ስንዱ፣ ይቅር ይበሉኝ። በሐሰት ጠርጥሬዎታለሁ።» ሴትየዋ ምን ብለው መለሱ መሰላችሁ? «እኔም ራሴን ጠርጥሬ ነበር ልጄ» አሉ።

ዶክተሯ ያን ዕለት ሌላም ነገር ብላ ነበር። ወንድምም እህትም የመውረስ ዕድሉ እኩል ነው፣ ወይ ደርሶታል ወይ አልደረሰውም። ወንድም ለልጁ ያስተላልፋል፤ ራሱም ሊታመም ይችላል። ስለዚህ እኔም ብመረመር ጥሩ ነው። እኔ ሥራ አለብኝ አልሁ። በሚቀጥለው ወርም ሥራ አለብኝ አልሁ። የሺ አንድ ቀን ብቻ ነው ያነሳችብኝ፤ ማኪናዋን ሳታቆም።

«ባትመረመር እኔ አልቀየምህም። ሴት ልጅ ስትወልድ ግን ምክንያትህን የምትነግረው ለእሷ ነው።»

ኋላ ሕመሙ ተመለሰ፤ አጥንቷ ውስጥ ገባ። በዚያው ጊዜ ተመራማሪዎቹ የአንድ ዙር ዕድል ሰጡ። የእናታችን ወገኖች እስከ ወሩ መጨረሻ ጎንደር ከመጡ የሁሉንም ደም ይቀበላሉ፤ ሴቶቹንም ዶክተሯ ትመረምራቸዋለች። የሺ ተኝታ በስልክ ጃናሞራን ስትለምን ሰነበተች። አንዱ «አጨዳ ላይ ነን» ይላታል። አንዷ «ክርስትና አለብኝ»። ሌላዋ ድምፅዋን ስትሰማ ትዘጋዋለች። አንድም ሰው አልመጣም። ከሁሉ ያመማት ይህ ነበር።

ወደ ማክሰኝት ከመሄዴ በፊት ያለችኝን ላንብብላችሁ፤ በስልኬ ላይ ጽፌ ይዤዋለሁ። «ለሕይወት ጠራኋቸው፣ አልመጡም። ለልቅሶ ግን ሁሉም ይመጣሉ። ያን ጊዜ ምን ነካት ሲሉህ፣ ወገቧን አሟት ነበር እንዳትል።»

እንዳለችውም በሙሉ አይሱዙ መጡ። አያ ገላው፣ እማማ ዘነቡ ሳይቀሩ፣ ስልክ የዘጋችባትም ጭምር። ድንኳኑ ሞላ። ሰው ምን ነካት ሲል አያ ገላው፣ «ወገቧን ትንሽ ያማት ነበር» ብለው መለሱ።

ተነሳሁ። ብዙ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም፤ ምላሴ ይያያዛል። «ወገቧን አይደለም» አልሁ። «የ… የጡት ካንሰር ነው። እናታችንም በእሱ ነው። አክስታችን ውድነሽም። ከወላጅ ወደ ልጅ በደም የሚሄድ ነው። ሴትም ወንድም ያስተላልፈዋል። ምርመራ አለ። እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። አምስት ቀን ቀርቷል።»

«ልጁ ሐዘን አዙሮበታል፣ አስቀምጡት» አለ አንዱ። ሁለት ሰዎች በትከሻዬ ይዘው አስቀመጡኝ። ውሃ ሰጡኝ። አያ ገላው ቀና ብለው አላዩኝም። ያለችኝን አደረግሁ፣ ግን ከንቱ ሆነ ብዬ አሰብሁ።

ሣልስቱ ካለፈ በኋላ በማግስቱ ጠዋት አይሱዙው ሊመልሳቸው ቆመ። እኔ ዕቃ እያቀበልሁ ነበር። ሴቶቹ ተሳፍረዋል፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል። አያ ገላው ግን አልወጡም። መኪናው ኋላ ቆመው በትራቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«አንቺ የእህቴ ልጅ ነሽ። ውረጅ።»

«ምነው አያ?»

«ውረጅ ብያለሁ። አንቺ በባልሽ በኩል ነው የመጣሽው፣ ተቀመጭ። አንቺ የአያቴ የልጅ ልጅ ነሽ፣ ውረጅ። አንቺስ? አዎ፣ በእናትሽ። ውረጅ።» ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አንድም አልሳቱም። ስድስት ሴቶችና ሁለት ወንዶች አወረዱ። ሾፌሩ «አያ፣ መኪናዬን ባዶ አደረጉት እኮ!» ብሎ ጮኸ።

ጥሩሰው አጠገባቸው ቆማ፣ «አባዬ፣ እርስዎስ?» አለቻቸው።

«ቀድሜ እገባለሁ» አሉ። «ለአንቺ የሰጠሁሽ እኔ ከሆንሁ ልወቀው።»

ጥሩሰው ክንዳቸውን ያዘች። ሁሉም ወደ ሆስፒታሉ መንገድ ጀመሩ። እኔ ካልወረዱት የአንዷን ጓዝ እንደታቀፍሁ እዚያው ቆሜያለሁ። አያ ገላው ዞሩ፣ በትራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ያውቃሉ። ያም ሆኖ መልስ እየጠበቁ ቆሙ።

«የዓለምነሽ» አልሁ።

«ታዲያ?»

ጓዙን ለሾፌሩ ሰጠሁትና ተከተልኋቸው።